የፎቶ ቤት መዝገብ

የፎቶ ቤት መዝገብ አንድ ፎቶ ቤት ደንበኞቹን ሲያስተናግድ የሚያከማቻቸው ሰነዶች ስብስብ ነው። ነጋቲቮችን፣ የታተሙ ፎቶግራፎችን፣ የደንበኞች ስም የሰፈረበትን ደብተርና ደረሰኞችን ያጠቃልላል። ለታሪክ ጥናት የሚጠቅመው ምስሉን ከተነሣው ሰው ስም፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር ስለሚያገናኝ ነው።

ይዘት

በፊልም ዘመን ሥርዓት ባለው ፎቶ ቤት እያንዳንዱ ነጋቲቭ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ያው ቁጥር በፖስታውና በደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ከጎኑ የደንበኛው ስም፣ ቀኑ፣ የፎቶው መጠን፣ የቅጂው ብዛትና የተከፈለው ቀብድ ይሰፍራል። ደንበኛው ሌላ ቅጂ ሲፈልግ ነጋቲቩ የሚገኘው በዚህ ቁጥር ነው። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግና የምርቃት ፎቶ፣ ለነጋዴዎች የተነሣ የሱቅና የሸቀጥ ፎቶም በአንድ መዝገብ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

መዝገቡ ከምስሉ ሲለይ ባለቤቱ ሊረሳ ይችላል። ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፍተው ብዙ የከተማዋን ነዋሪዎች አንሥተዋል። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 በኒውዮርክ ሲታዩ ግን አንሺው እንዳልታወቀ ተደርጎ ነበር፤ ማንነታቸው የተለየው ከዚያ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ከቀደሙት ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይጠቀሳሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ቀጥለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የአገሪቱን የቆዩ ፎቶግራፎች ይጠብቃል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍም ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዟል።

ጋምቤላ

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር የተመሠረተችው የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ በመሆን ነው፤ ለዚህ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1902 ስምምነት ነው። ስለ አካባቢው ሕዝብ ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የውጭ ባለሥልጣናት፣ ተጓዦችና ተመራማሪዎች ሥራ ናቸው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1935 በአኙዋ ሕዝብ መካከል ጥናት አድርገዋል፤ ፎቶግራፎቻቸው በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ።

እንዲህ ያለው ምስል የሚነሣው ለአጥኚው ፍላጎት ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ የሚነሣ ሰው ግን ከፋይም አዛዥም ራሱ ነው፤ ምን ለብሶ፣ ከማን ጋርና እንዴት ሆኖ እንደሚታይ ይመርጣል። ስለዚህ የአካባቢው ፎቶ ቤቶች መዝገብ ነዋሪዎች ራሳቸውን እንዴት ማሳየት እንደፈለጉ የሚናገር ምንጭ ነው።

አጠባበቅ

ሙቀትና እርጥበት ፊልምን ያበላሻሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ጋምቤላ ሞቃት ስለሆነች ጉዳቱ ይፈጥናል። የአሲቴት ፊልም ሲበላሽ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፣ ይኮማተራል፤ እንዲህ የጀመረው ከሌላው ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ነጋቲቮች በወረቀት ፖስታ ተደርገው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣሉ። በስካነር ሲገለበጡ የቀድሞው ቁጥር አብሮ መያዝና ደብተሩም መገልበጥ ይኖርበታል። ደብተሩ የግለሰቦችን ስም ስለሚይዝ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የቤተሰብ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።