ከመድፍ ቀለህ የተሠራ የአበባ ማስቀመጫ

በምዕራብ ቤልጂየም በኢፐር ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች መሬታቸውን ሲያርሱ ዛሬም ከመቶ ዓመት በፊት የተተኮሰ የመድፍ አረር ያገኛሉ። «የብረት አዝመራ» ይሉታል። ያገኙትን በማሳው ዳር ያኖሩታል፤ የሀገሪቱ ጦር ባለሙያዎችም መጥተው ያነሱታል።

የዚያው ጦርነት ብረት በየቤቱ መደርደሪያ ላይም ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መድፍ ሲተኮስ አረሩ ወደ ጠላት ይሄድ፣ ባሩዱን የያዘው የናስ ቀለህ ግን ከመድፉ አጠገብ ይቀር ነበር። በደንቡ መሠረት ቀለሁ ተሰብስቦ ዳግም ለመሞላት ወደ ፋብሪካ መመለስ ነበረበት። ሆኖም ብዙው ወታደሮች፣ ምርኮኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች እጅ ገብቶ የአበባ ማስቀመጫና የሲጋራ መተርኮሻ ሆነ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሁ በመዶሻ ሲመታ እንዳይጨማደድ አስቀድሞ ውስጡ በእርሳስ፣ በሬንጅ ወይም በአሸዋ ይሞላል፤ ከዚያም ንድፉ በሹል ብረት ነጥብ በነጥብ ይቀረጻል። አበባና ቅጠል፣ የጦር ክፍል ዓርማ፣ እንደ ኢፐርና ቬርደን ያሉ የቦታ ስሞች ይበዙበታል። ለጉልበት ሥራ ከቻይና የመጡ ሠራተኞች ደግሞ ዘንዶ ይቀርጹ ነበር። የዕቃው ግርጌ ቢገለበጥ ቀለሁ የተመረተበት ዓመት ታትሞ ይታያል። ይህ ግን ቅርጹ መቼ እንደተሠራ አያስረዳም፤ ለገበያ ከቀረቡት ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ናቸውና።

ምክንያቱም ችግር ነበር። ከስደት የተመለሰው ገበሬ ቤቱን ፈርሶ፣ ማሳውን በአረር ተቦድሶ አገኘው። በ1920ዎቹ ደግሞ የሟቾችን መቃብር ለማየት ከብሪታንያና ከሌሎች ሀገሮች የሚመጡ ቤተሰቦች በዙ። ባላገሩ መሬቱን ካጠፋበት ብረት የዕለት እንጀራውን አወጣ፤ እናትም ልጇ የወደቀበት ቦታ ስም የተቀረጸበትን ናስ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ንግዱን ነውር ማለት የሚቻለው ከሩቅ ላለ ሰው ብቻ ይመስላል።

አደጋው ሌላ ጉዳይ ነው። ተተኩሶ ባዶ የቀረ ቀለህ ጉዳት የለውም። ሳይፈነዳ የተቀበረ አረር ግን በዝገት ብዛት አይመክንም፤ አንዳንዱም መርዛማ ጋዝ የያዘ ነው። ከጦርነቱ ማግስት ናስና መዳብ ለመሸጥ አረር ሲፈቱ የሞቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 እንኳን በኢፐር በግንባታ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች በዚያው ጦርነት አረር ፍንዳታ ሕይወታቸውን አጥተዋል።