ጅብና ገንፎ በሐረር

የሐረርን ታሪክ ጻፉ ብንባል ብዕራችን ወዴት እንደሚሮጥ የታወቀ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀጎልን በግንብ አጠሩ፤ ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ገቡ፣ በ1877 ዓ.ም. ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማይቱን ያዙ። አለቀ! ፈተናውንም በዚሁ እናልፋለን። ነገር ግን ጓደኞቼ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰፊው ሕዝብ ምን በላ? ማንን ፈራ? በዓሉንስ እንዴት አከበረ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መልሱን ከግንቡ ሥር እንፈልገው። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች ነበሩት፤ ሲመሽ ይዘጋሉ፤ ጠላት ቢሆን መንገደኛ ደጅ ያድራል። ታዲያ ከግንቡ እግር ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ለሰው የተዘጋ ከተማ ለጅብ መግቢያ መተዉ ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ጅቡ ሌሊት ገብቶ አጥንቱንና ትራፊውን ጠራርጎ ይወጣል። ደመወዝ የማይጠይቅ ጽዳት ሠራተኛ ነው እኮ!

ይሁንና ጅብ ያው ጅብ ነው፤ ከራበው ሰው ይበላል። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ በአንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ጅቦች በሰው ላይ ሲነሱ፣ የከተማይቱ ደጋግ ሰዎች ገንፎ አቅርበውላቸው ታረቁ። ወሬው ከአፍ አፍ ይለያያል፤ ልማዱ ግን ቆይቷል። በየዓመቱ በዓሹራ፣ በሙሐረም ወር አሥረኛው ቀን በሚውለው በዓል፣ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል። ከግማሽ በላይ ከበሉለት ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ፊታቸውን ካዞሩ፣ ወይም ደግሞ ሙልጭ አድርገው ከጨረሱት፣ ረሃብ ወይም በሽታ እንዳይመጣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጸልያል።

ልብ በሉ! የሚያስፈራው የጅቡ ማኩረፍ ብቻ አይደለም፤ ስግብግብነቱም ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ረሃብን ያየ ሕዝብ ጎረቤቱን የሚመዝነው እንዲህ ነው፦ የሰጠሁትን የናቀ አይወደኝም፤ ሁሉንም የጨረሰ ግን ነገ ወደ እኔ ይመለሳል። ሁለት ጎረቤታሞች ሳይዋደዱ እንኳ አብረው መኖር የሚችሉት መጠን ሲኖር ነው።

ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ሌላ ነው። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት እያንጠለጠሉ ጅብ ማብላት የተለመደው ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ ሰዉም ከፍሎ ያያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። መጥፎ ነው አልልም፤ እንጀራ ነው። ቢሆንም ትርዒትና ቃል ኪዳን አንድ አይደሉም።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም.፣ የሹዋሊድን በዓል በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ደስ ይላል። የገንፎውን ነገር ግን የሚያውቁት የሚያበስሉት እናቶችና የሚመርቁት አዛውንት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ግንብ አይቆሙም። ስለዚህ እናንተ የሐረር ልጆች፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ደብተር ይዛችሁ ግቡ። ግንቡን ማን እንደሠራው ተጽፏል። ገንፎውን ማን እንደሚያገነፋው፣ ስንት ቅቤ እንደሚገባበት፣ ማን ወስዶ እንደሚያኖረውና ምን ብሎ እንደሚመርቅ ጠይቃችሁ ጻፉልን።