በሞዴልና በከፍተኛ ኃይል ሮኬቶች ውስጥ ሞተርን አጽንቶ ስለመያዝ፦ ለምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢ ትምህርት ቤቶችና ወላጆች

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ያመጠቀችው ሎንግ ማርች 4ቢ በተባለ ሮኬት ነው። ተማሪዎች ከካርቶን ቱቦ የሚሠሩት ሞዴል ሮኬትም የሚበረው በዚያው ሕግ ነው፤ ጋዝ ወደ ኋላ ሲወጣ ሮኬቱ ወደ ፊት ይገፋል። ይህ መረጃ ሞተሩ በሮኬቱ ውስጥ እንዴት መያዝ እንዳለበትና በመተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በቋራና በአካባቢው ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

ሞተሩን የሚገፉ ሁለት ኃይሎች

ሞተሩ ሲቀጣጠል ወደ ፊት ይገፋል። ነዳጁ አልቆ ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ ደግሞ በሞተሩ ጫፍ ያለው አነስተኛ ባሩድ ይፈነዳል፤ ጋዙም የሮኬቱን አፍንጫ ገፍቶ ፓራሹቱን ያስወጣል። ይኸው ግፊት በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ካልታሰረ በጭራው ተፈትልኮ ይወጣል፤ ጋዙም በዚያ ክፍተት ስለሚያመልጥ ፓራሹቱ ሳይወጣ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሮኬቱ እንደ ጦር ይወረወራል፤ የጋለው ባዶ ሞተርም ባልታሰበ ቦታ ያርፋል።

የአያያዝ ዘዴዎች

1. የፊት ማቆሚያ፦ በሞተር መያዣው ቱቦ ውስጥ የሚጣበቅ ቀለበት ሲሆን ሞተሩ ወደ ፊት ዘልቆ እንዳይገባ ያግዳል።
2. የብረት መንጠቆ፦ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላላቸው ትናንሽ ሞተሮች የተለመደ ነው፤ ሞተሩን ከኋላ ይይዛል።
3. የወረቀት ፕላስተር፦ ሞተሩ በቱቦው ውስጥ እስኪጠብቅ ድረስ ይጠቀለልበታል። ሙቀት ሙጫውን ስለሚያለሰልስ በቆላ አካባቢ ብቻውን አስተማማኝ አይሆንም።
4. በጥርስ የሚዞር የብረት ክዳን ወይም ብሎን፦ 29፣ 38 እና 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው የከፍተኛ ኃይል ሞተሮች ላይ ይውላል። ክዳኑ የሚጣበቀው ሙቀት በሚቋቋም ኢፖክሲ ነው።

የሞተር ኃይል በፊደል ይገለጻል፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ከፍተኛው መጠን በእጥፍ ይጨምራል። «ኤ» እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ ሲሆን ከ160 ኒውተን ሰከንድ በላይ ያሉት፣ ማለትም ከ«ኤች» ጀምሮ፣ ከፍተኛ ኃይል ይባላሉ። በ«ሲ6-5» ሞተር ላይ 6 አማካይ ግፊቱን በኒውተን፣ 5 ደግሞ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየውን ሰከንድ ያመለክታል።

ከማስወንጨፍ በፊት

ማቀጣጠያው ከመግባቱ አስቀድሞ ሞተሩ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ ይፈተሻል፤ ከተንቀሳቀሰ ሮኬቱ አይወነጨፍም። እስከ «ዲ» ላሉ ሞተሮች ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ላሉ የሞዴል ሮኬት ሞተሮች 9 ሜትር ርቀት ይጠበቃል፤ ለከፍተኛ ኃይል ሮኬቶች ርቀቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ነፋስ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማስወንጨፍ አይገባም። ሞተሩ ሳይቀጣጠል ቢቀር የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቋርጦ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋም።

ለቆላው አካባቢ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ሣሩም ደርቆ ይቆያል። አንድ የጋለ ሞተር የዕጣን ዛፍ ያለበትን ደን ወይም ተከምሮ የሚደርቅን ሰሊጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ቦታው አስቀድሞ ይጸዳል፤ ውኃና አሸዋም ይዘጋጃል። ሞተሮች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጡም። ነዳጁን በቤት ውስጥ መቀመም ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል ባለው ድንበር አቅራቢያ ሮኬት ማስወንጨፍ አይገባም። ፓራሹት በነፋስ ድንበር ሊሻገር ይችላል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለገቡ ወገኖችም የፍንዳታ ድምፅ ድንጋጤን ይፈጥራል።

ስለ ፈቃድ

ሞተር ከመግዛት፣ ከማስገባት ወይም ከማጓጓዝ በፊት የሚመለከተውን የጸጥታ አካል፣ የአየር ክልልን በተመለከተም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በማመልከቻው ቦታው፣ ቀኑ፣ የሞተሩ ደረጃና ኃላፊነት የሚወስደው መምህር ይገለጹ። ምላሹ እስኪገኝ ድረስ በፕላስቲክ ጠርሙስና በብስክሌት መንፊያ የሚሠራ የውኃ ሮኬት ያለ እሳት ያንኑ ሕግ ለማስተማር ያገለግላል።