ላንጋኖ ሐይቅ
ላንጋኖ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅና የታወቀ የመዝናኛ ስፍራ ነው። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉ በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። ውኃው ደቃቅ አፈር ስለተንሳፈፈበት ቡናማ ነው፤ በሻይ ብርጭቆ ቢቀዳ እንኳ ድፍርስ ሆኖ ይታያል። ያም ሆኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ እንደሆነ ስለሚታመን፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ለዋና እጅግ ተመራጩ እሱ ነው። በዳርቻው ሎጆች፣ ሆቴሎችና የድንኳን ቦታዎች አሉ። በምሥራቁ ዳርቻ ጉሬዛና ብዙ ዓይነት አዕዋፍ የሚኖሩበት ደን፣ በምዕራብ ደግሞ ፍል ውኃ የሚፈልቅበት የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በበዓላትና በሳምንት መጨረሻ የአዲስ አበባ እንግዳ ስለሚበዛ፣ ክፍል አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።