የዋልካ አፈርን ውኃ የማጠንፈፍ ዕውቀት ከአካባቢ አካባቢ ለምን ይለያያል?

በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በጥቁር የሸክላ አፈር እንደተሸፈነ ይገመታል። አማርኛ ተናጋሪው አርሶ አደር ዋልካ ወይም መረሬ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮትቻ ይለዋል። አፈሩ ለም ቢሆንም በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ችግሩ አንድ ሆኖ ሳለ መፍትሔው እንደየአካባቢው ይለያያል።

በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮች ማሳውን ካረሱ በኋላ ከነቤተሰባቸው አፈሩን በእጅ እየቆለሉ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣሉ። ስንዴው በመደቡ ላይ ይበቅላል፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ይህን ልማድ መነሻ በማድረግ፣ ሁለት ማረሻ አጣምረው ቢቢኤም የተባለውን በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መደብ ያወጣል።

በአድአ አርሶ አደሩ ውኃ የተሻለ የሚቋቋመውን ጤፍ ይዘራል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ የተኛውን ውኃ ወደ ጥቅም ለውጦታል።

ልዩነቱ ከትጋት ማነስ የመነጨ አይደለም። የእጅ ሥራው ብዙ የሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ቢቢኤም ጠንካራ በሬና ሥልጠና ይሻል፤ ውኃ በተኛበት ማሳ የሚለማው የሩዝ ዓይነትም ውኃ ለማይተኛበት ማሳ አይስማማም። ስለሆነም አዲስ አሠራር ከመቀበል በፊት የማሳውን ተዳፋት፣ የቤተሰቡን ጉልበትና የበሬውን አቅም ከግብርና ባለሙያ ጋር መመርመር ይገባል። ቦዩ የሚያወርደው ውኃ የታችኛውን ማሳ እንዳያጥለቀልቅም አስቀድሞ ከአዋሳኝ ባለማሳ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።