«ኦስሞሲስ»፦ ከእማሬ ወደ ፍካሬ

እ.ኤ.አ. በ1748 ፈረንሳዊው ዣን አንትዋን ኖሌ አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፍ በፊኛ ሸፍኖ ውሃ ውስጥ ቢያጠልቀው፣ ውሃው ዘልቆ ፊኛውን ወጠረው። በ1820ዎቹ ዱትሮሼ ለዚህ ሁኔታ ስም ሲያወጣ «ግፊት» የሚል ፍች ካለው የግሪክ ቃል ተነሣ፤ ገቢውንና ወጪውንም በሁለት ስሞች ለየ። በ1854 ቶማስ ግራሃም «ኦስሞዝ» ብሎ ጠቀለላቸው፤ «ኦስሞሲስ» የመጣው ከዚህ ነው።

በፍካሬያዊ ፍችው ቃሉ ሳይጥሩ፣ አብሮ በመዋል ብቻ መቅሰምን ያመለክታል፤ አማርኛም «ከአህያ የዋለች ጊደር» በሚለው ተረቱ ሐሳቡን ያውቀዋል። በእኔ አስተያየት ግን ፍካሬው ግፊቱንና አቅጣጫውን ጥሏቸዋል። ስለዚህ «ባህል ከባህል በኦስሞሲስ ይወርሳል» ስንል፣ የገፋው ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳለፈና ምን እንደቀረ መጠየቅ ይገባናል፤ ፊኛው ሁሉን እኩል አያሳልፍምና።