ያበጠ ልብ፣ የተከፈለ ግብር

በአማርኛ «ልቡ አብጧል» የምንለው ትዕቢተኛውን ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሥራ በዝቶበት ስላበጠ ልብ ነው።

የደም ግፊት ከፍ ሲል የልብ ግራ ክፍል ደሙን ለመርጨት የበለጠ ጉልበት ይጠየቃል። ጡንቻ ነውና ይወፍራል። ለጊዜው ይችለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ይደነድናል፣ ይሰፋል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ያኔ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። እስከዚያው ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም።

በ1929 እ.ኤ.አ. ዶኒሰን የተባለ ሐኪም በምዕራብ ኬንያ የ1,000 ሰዎችን ግፊት ለክቶ ውጤቱን «ላንሴት» ላይ አወጣ። የአውሮፓውያን ግፊት ከዕድሜ ጋር ሲጨምር፣ የእነዚህ ግን ከ40 ዓመት በኋላ እንዲያውም ዝቅ ይል ነበር። ታዲያ «አፍሪካዊን ግፊት አይነካውም» ማለት ነው? ዶኒሰን ራሱ እንኳ መልሱን የፈለገው በዘር ሳይሆን በአኗኗር ነው።

አኗኗሩ ደግሞ መለወጥ ከጀመረ ቆይቷል። የቅኝ ገዥው መንግሥት የጎጆ ግብር ጣለ፤ ግብሩ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡ ያለው ደግሞ በነጮች እርሻ፣ በባቡር ሐዲዱና በ1899 የባቡር ጣቢያ ሆና በተቆረቆረችው ናይሮቢ ነው። ብዙ ሉዎዎች መንደራቸውን ትተው ለሥራ ወጡ። ግብሩ ቀርቶም ጉዞው አልቆመም።

ተመራማሪዎች ወደ ናይሮቢ የሚሄዱ ወጣት ሉዎዎችን እስከ ሁለት ዓመት ተከታትለው፣ መንደር ከቀሩት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ በ1990 ወጣ፦ ከተማ የገቡት ግፊታቸው በወራት ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሽንታቸው ሲመረመር ሶዲየሙ ከፖታሲየሙ አንጻር ጨምሯል፤ ማለትም ጨው በዝቷል፣ ፍራፍሬና አትክልቱ ቀንሷል። ክብደታቸውና የልብ ምታቸውም ጨምሯል።

እስቲ አስቡት፤ ሕዝቡ ያው፣ ዕድሜው ያው፣ የተለወጠው የሚኖሩበትና የሚበሉት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ፣ ባራግዋናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናትም ግፊትን ከልብ ድካም ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አግኝቶታል።

ስለዚህ «ግፊት በዘራችን ነው» የሚለው ብቻውን አያሳምነኝም። ዘር ድርሻ ይኑረው እንጂ በወራት ውስጥ አይለወጥም። ደሞዝ ሲሰላ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ይቆጠራሉ፤ ልብ የከፈለው ግን የትም አይጻፍም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈልገው፤ ሠራተኛው ጋ መድረስ ያለበት እግሩ ሳያብጥ ነው።